ስድስት ሚሊ ሜትር ከምናምን

መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ለመኪና ጎማ ብለው እሳት ይጎርሳሉ ብሎ የጠረጠረ ሰው ሰቆጣ ውስጥ አልነበረም። እሳቸው ራሳቸውም አልጠረጠሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ፣ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ የኖሩ፣ ተማሪ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ረሃቡ ዋግን ሲይዘው፣ የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ፣ ስሌታቸው የማይስት ነው ተብሎ የእርዳታው እህል ጸሐፊ ሆኑ። የቤተሰቡ ስም፣ የነፍሱ ብዛት፣ ለማን ስንት ጣሳ ስንዴ እንደሚሰፈር፣ ሁሉም በእሳቸው መዝገብ ነው።

እህሉ ግን ሰቆጣ አልነበረም፤ ቆረም ነበር። ቆረም ድረስ ትልልቁ የጭነት መኪና ይመጣል። ከቆረም ወዲህ ያለው መንገድ የመንገድ ስም የወጣለት ድንጋይ ነው። ያንን ድንጋይ ተሻግሮ፣ የጸላሪን ወንዝ በመልካው አቋርጦ እህል ሰቆጣ የሚያደርሰው አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ብቻ ነበር። ከኋላው ተሳቢ እየጎተተ በአንድ ጉዞ አሥር ኩንታል ያመጣል። አህያና በቅሎ አልቋል። መሄድ የሚችል ሰው እህሉን ፍለጋ ቆረም ሄዷል፤ ሰቆጣና ዙሪያዋ የቀረው መሄድ ያልቻለው ነው፤ ሽማግሌው፣ አራሷ፣ ልጅ ታቅፋ ልጅ የምትጎትተው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ጸላሪ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም መኪናም አያልፍም። ከዚያ በፊት የገባው ገባ፤ ያልገባው ቀረ። ክረምቱን ማን ያልፋል፣ ማን አያልፍም የሚለው ነገር በዚያች መኪና ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

የመኪናዋ ሾፌር ካሳ ይባላል። ሾፌርም፣ መካኒክም፣ ጎሚስታም እሱ ነው፤ ሌላ ሰው የለማ። በልጅነቱ መሪጌታ ዘንድ ዳዊት ደግሟል፤ አድጎ ደግሞ መንገድ ከሚሠሩ ጣሊያኖች ጋር ሰባት ዓመት ስለሠራ ብረት የሚያውቅ እጅ አለው። ከፋሲካ ማግስት መሪጌታን መጋዘኑ ድረስ መጥቶ ጠራቸው።

«የኔታ፣ እስቲ ይምጡና ይዩልኝ። ጎማዎቹ አለቁ። ሁለቱን በበሬ ቆዳ ደርቤ ሰፍቻቸዋለሁ፤ አንዱን ጭድ ጠቅጥቄበታለሁ። ከእንግዲህ ምናልባት አንድ ጉዞ። ምናልባት ሁለት።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩ። ጎማው ተልጦ ክሩ ወጥቷል። ከጎኑ ያለው ጽሕፈት ግን ገና ይነበባል፤ 6.50–16 ይላል።

«ይኸ ምን ማለት ነው?»

«ስድስት ነጥብ አምሳው የጎማው ውፍረት ነው። አሥራ ስድስቱ ቸርኬው ነው፤ ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት፣ ከዳር እስከ ዳር። ሁለቱም በኢንች ነው የሚለካ።»

«የቱ ነው እንዲያው ቢሳሳት ጉድ የሚያፈላው?»

«ውፍረቱ ትንሽ ቢበልጥ፣ ትንሽ ቢያንስ እችለዋለሁ፤ መኪናው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ ይሄዳል። ቸርኬው ግን ቀልድ አያውቅም። ጎማው ከንፈሩ ውስጥ ሽቦ አለ፤ ሽቦ አይለጠጥም። ጠበበ ማለት አይገባም ማለት ነው። አለቀ።»

መሪጌታ ይህን እንደ ሰሙ ያደረጉትን ያደረጉት የአገራቸው ደንብ ስለሆነ ነው። በዋግ አናጢው ሩቅ አገር ሲሆን የቤተ ክርስቲያኑን በር ልክ በቃል አይልኩለትም፤ ክር ወስደው መቃኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክተው፣ ክሩን በሰም አሽተው ይልኩለታል። ቃል ይሳሳታል፣ ጽሕፈትም ይሳሳታል፤ ክሩ ግን ያው ክሩ ነው። መሪጌታም ካሳ አንዱን ጎማ እንዲያወልቅ አድርገው፣ ቸርኬውን ከዳር እስከ ዳር በክር ለኩ። ለበላይ መሥሪያ ቤት በጻፉት ደብዳቤ ላይ «አራት ጎማ፤ ቁጥሩ 6.50–16፤ ለማንኛውም የቸርኬው ልክ በክር ተለክቶ ከዚህ ጋር ተልኳል» ብለው አሸጉት። ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ከየት ይመጣል?

ደብዳቤው ሩቅ ከተማ ሄዶ አቶ አስማረ የሚባል የግዥ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። አንቱታ ለሚገባው ይቆይና፣ ይህ አስማረ የሚባለው ሰው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ክሩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ማሳየት ነበር። ሳቁ፤ ልብሳቸውን እስኪያረጥቡ ሳቁ። «ደብተራው ክታብ ላከልኝ» አለና ጣለው። ቀጥሎ ጎማ ሻጩ ዘንድ ሄደ። ባለ አሥራ ስድስቱ ለጊዜው የለም፣ አሥር ቀን ጠብቅ አሉት። አቶ አስማረ መጠበቅ አይወድም። በሚሊ ሜትር የተሠራ ሌላ ጎማ ተደርድሮ አየ። እርሳሱን አወጣ። አንድ ኢንች ሃያ አምስት ሚሊ ሜትር፤ አሥራ ስድስት ሲባዛ በሃያ አምስት፣ አራት መቶ። ስድስት ተኩልን በሃያ አምስት ሲያባዛ መቶ ስልሳ ሁለት ተኩል መጣለት፤ እሱን ወደ መቶ ስልሳ አምስት ጠጋ አደረገው። ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር ቢያየው 165–400 ይላል። ቁጥሩ እንዲህ አምሮ ሲወጣለት ደስ አለው። አራቱን ገዝቶ ላከ።

ጎማዎቹ ሚያዝያ ሃያ ስምንት ቀን በሰው ሸክም ሰቆጣ ገቡ። በዚያው ሳምንት የድሮዎቹ ጎማዎች ተተርትረው መኪናዋ መጋዘኑ ደጃፍ በድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበርና፣ ደጁ ላይ የተኮለኮለው ሰው ሁሉ ጎማ ሲመጣ ሲያይ እልል አለ። ወለተ ሐና የምትባል ሴት ከገጠር መጥታ ከእነሱ መካከል ነበረች። ባሏ ቆረም እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ወሬው የለም። ሁለት ልጆች አሏት፤ መዝገቡ ላይ «ሦስት ነፍስ» ተብላ ነው የተጻፈችው። ታናሹን አዝላ፣ ታላቋን ይዛ በየሳምንቱ ትመጣለች።

«እንግዲህ ትሄዳለቻ፣ መሪጌታ?» አለቻቸው።

«ትሄዳለች፣ ልጄ። ነገ ተነሥታ ትሄዳለች» አሉ መሪጌታ። ይህን ቃላቸውን በኋላ ሲያስቡት የሚጸጽታቸው ነገር ሆነ።

ካሳ የመጀመሪያውን ጎማ በእጁ አገላብጦ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ቢሆንም ሞከረ። ጎማው ቸርኬው ላይ አፉን ይገጥማል፤ ከዚያ ወዲያ አልፎ አይገባም። የጎማ መንቀያ ብረቱን፣ ፌሮውን፣ አስገብቶ ፈለቀቀው፤ አልሆነም። «የኔታ፣ ጠበበ» አለ።

«እንዴት ይጠባል? በቁጥር ጽፌ፣ በክር ለክቼ!»

ካሳ ጣሊያኖቹ ዘንድ ሳለ ያገኛት ተጠቅላይ ሜትር ነበረችው፤ አንዱ ጠርዟ ኢንች፣ ሌላው ሚሊ ሜትር። መሪጌታ ያችን ሜትር ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብዙ አዩአት። አሥር ኢንች የሚለው መስመር ሁለት መቶ አምሳ ላይ አይወድቅም፤ ሁለት መቶ አምሳ አራት ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ኢንች ሃያ አምስት ብቻ አይደለም፤ ሃያ አምስት ከነጥብ አራት ነው። ነጥብ አራቷ አሥራ ስድስት ጊዜ ስትደመር ስድስት ነጥብ አራት ትሆናለች። ቸርኬው አራት መቶ ስድስት ሚሊ ሜትር ከነጥብ አራት ነው፤ ጎማው አራት መቶ ነው። ይኸው ነው ነገሩ።

መሪጌታ ነገሩ ሲገለጥላቸው መጀመሪያ የተሰማቸው ንዴት ሳይሆን ድንጋጤ ነበር። እሳቸው በኖሩበት ትምህርት እንዲህ ያለ ስሕተት የለም። በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለሙ ለአሥራ ዘጠኝ ሲካፈል ድርሻውን የሚፈልገው የለም፤ የሚፈለገው የተረፈው ነው። አበቅቴው የሚወጣው ከተረፈው ነው፤ መጥቅዑም እንደዚያው። ተረፉን የጣለ ተማሪ ፋሲካን ማክሰኞ ያውለዋል፤ ያንን ያደረገ ተማሪ ደግሞ መሪጌታ ዘንድ ሁለተኛ ቀን አይቀመጥም። ይህ የከተማ ሰው ግን ተረፉን ጥሎ፣ ድርሻውን ይዞ፣ ደሞዝ ይበላል።

ሰንጠረዥ ሠርተው ጻፉ። ነገሩን ለሕፃን እንኳ በሚገባ መንገድ አስረድተው፣ «ስለ ክርስቶስ ብላችሁ ባለ አሥራ ስድስቱን ቶሎ ላኩልን፤ ሰው እያለቀ ነው» ብለው ላኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ መልስ የለም። ከዚያ መጣ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«አንድ ኢንች 25 ሚሊ ሜትር መሆኑ የታወቀ ነው። 16 በ25 ሲባዛ 400 ነው። የተላከው ጎማ ልክ ነው። የጎደለው ጎማውን የሚያለብሰው ሰው ዕውቀት ነው። ወደ ፊት በመንግሥት ደብዳቤ ውስጥ ክርና የመሳሰለውን አስገብቶ መላክ በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

መሪጌታ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሦስተኛ ሊያነቡት ሲሉ ተዉት። ካሳ ግን አነበበ፤ አንብቦም እዚህ የማይጻፍ ነገር ተናገረ፤ መሪጌታም ለመጀመሪያ ጊዜ አልገሠጹትም።

መኪናዋ ቆማለች። ደጁ ላይ የሚኮለኮለው ሰው በየቀኑ ይቀንሳል። መሪጌታ ጠዋት ጠዋት ለቀብር ይጠራሉ፤ ከፍትሐቱ ሲመለሱ መጋዘኑ ገብተው ባዶ ጆንያ ያያሉ። ቆረም ላይ ስንዴው እንደ ተከመረ ነው፤ ከመንገደኛ ይሰማሉ። ወለተ ሐናም መምጣት ተወች። ዘመድ ዘንድ ሄዳ ይሆናል ብለው ራሳቸውን አታለሉ።

ግንቦት ሃያ ሦስት ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ አዲስ ላንድሮቨር አቧራውን እያስነሣ መጋዘኑ ደጃፍ ቆመ። አቶ አስማረ ክራባቱን አስሮ ወረደ። አራት መቶ ሚሊ ሜትርና አሥራ ስድስት ኢንች አንድ መሆናቸውን ለአንድ ደብተራ ሊያስረዳ፣ የርክክብ ወረቀት ሊያስፈርም ነው የመጣው። የወረዳው ሽማግሌ ግራዝማች ጓንጉልም እንግዳ መጣ ሲባል ሰምተው ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ።

«ጎማው ያልገባው የታለ?» አለ አቶ አስማረ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም።

ካሳ አሳየው።

«ሳሙና ቅባው። በመዶሻ ምታው።»

«ጌታዬ፣ ሽቦው ይበጠሳል።»

«ምታው አልኩህ!»

ካሳ መሪጌታን አያቸው። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይየው፣ በዓይኑ ይየው ማለታቸው ነው። ካሳ ሳሙናውን ቀባ፣ ሁለት ፌሮ አስገባ፣ በመዶሻ መታ። ሦስተኛው ምት ላይ ጎማው ውስጥ ጠርቀቅ ያለ ድምፅ ተሰማ። የሽቦው ጫፍ ላስቲኩን ቀዶ ወጥቶ የካሳን መዳፍ ሰነጠቀው። ደሙ ቸርኬው ላይ ፈሰሰ።

«አየህ? የማያውቅ እጅ!» አለ አቶ አስማረ።

መሪጌታ ነጠላቸውን ቀደው የካሳን እጅ አሰሩ። አስረው ሲጨርሱ ቀና አሉ። ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት መስሎ ነበር።

«ጌታዬ፣ ደብዳቤዬን አንብበውታል?»

«ስለ ነጥብ አራት የጻፍከውን? አንብቤዋለሁ። አንተ ሰውዬ፣ ለነጥብ አራት ነው የመንግሥት ሥራ የምታስተጓጉል? ከሚሊ ሜትር ግማሽ እንኳ አትሞላም!»

«አንድ ጊዜ ቢጥሏት ምንም አይደለም። እርስዎ አሥራ ስድስት ጊዜ ነው የጣሏት። አንዱን ኢንች ባሰሉ ቁጥር ጣሏት። ቁጥሩን ከጻፍኩልዎ በኋላ ጣሏት፤ ልኩን በክር ከላክሁልዎ በኋላ ጣሏት፤ ሰንጠረዥ ሠርቼ ካሳየሁዎ በኋላም ጣሏት።»

«እዚህ ላይ ፈርም» አለ አቶ አስማረ፣ ወረቀቱን እየዘረጋ። ወረቀቱ «አራት ለመኪናው ልክ የሆኑ ጎማዎች ተረክቤያለሁ» ይላል። መሪጌታ ወረቀቱ ምን እንደሚያደርግ ገባቸው። ከፈረሙ መዝገቡ ይዘጋል፤ ጎማ ተልኳል፣ ተረክበዋል ይባላል፤ ሌላ ጎማ በዚህ ዓመት አይመጣም። ጸላሪ ሊሞላ ደግሞ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።

«አልፈርምም።»

«ካልፈረምክ ከሥራህ ተሰናብተሃል!»

መሪጌታ ወረቀቱን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ወደ አዲሱ ላንድሮቨር ሄዱ። ዙሪያውን ዞሩ። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው አቧራውን ከጎማው ጎን ጠረጉ፤ የተጻፈውንም ጮክ ብለው አነበቡ። «ስድስት ነጥብ አምሳ በአሥራ ስድስት።» ወደ ኋላው ጎማ ሄዱ። «ስድስት ነጥብ አምሳ በአሥራ ስድስት። ለራስዎ መኪና አራት መቶውን ለምን አላደረጉበትም?»

«አንድ ነው እያልኩህ! ምን ልዩነት አለው?»

«አንድ ነው?»

«አንድ ነው!»

«ግራዝማች፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ ግራዝማች ጓንጉል። ደጁ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ቀረብ ብሎ ነበር።

«መልካም» አሉ መሪጌታ። «አንድ ከሆነ እንለዋወጥ። የመጡት አዲስ ናቸው፤ አዲሱን እርስዎ ይውሰዱ። ያገለገለውን ለእኛ ይተዉልን። እኛ አሮጌ አይከፋንም። ካሳ፣ ክሪክህን አምጣ።»

ካሳ በታሰረ እጁ ክሪኩን ይዞ መጥቶ ከአዲሱ መኪና ሥር ሲገባ የአቶ አስማረ ፊት አመድ መሰለ። «ይኸ የቁጥጥር መኪና ነው! ማንም አይነካውም!»

«ልጄ» አሉ ግራዝማች ጓንጉል፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «በሰው ፊት አንድ ነው ብለሃል። የምትጎዳበት ነገር የለም። አዲስ ለአሮጌ ሰጥተውህ ትጮሃለህ?»

«አይገባም!»

«ምኑ ነው የማይገባው?»

«ጎማው! ጎማው ለኔ መኪና አይገባም። ቸርኬው ይለያል።»

«በስንት ይለያል?» አሉ መሪጌታ።

አቶ አስማረ ከንፈሩን ላሰ። ሰውን አየ፤ ሰው ሁሉ እሱን ያያል። «በስድስት ሚሊ ሜትር ከምናምን» አለ።

እንግዲህ ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ባያውቅ እንኳ፣ ሰንጠረዡን ካነበበ ወዲህ ያውቅ ነበር። አውቆ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ተሳስቻለሁ ከማለት አራት ቀን መንገድ ተጉዞ ሌላውን ማስፈረም መረጠ። መሪጌታን ያቃጠላቸው ይህ ነው። የማያውቀውን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አለማወቅ አያስቆጣቸውም። ይኸኛው ግን ሌላ ነበር።

«እሺ፣ አልኩላችሁ፤ ተሳስቷል ብዬ እጽፋለሁ፤ ሌላ ጎማ ይታዘዛል» አለ አቶ አስማረ፣ ድምፁን አለስልሶ። «አሁን ሰውየውን ከመኪናዬ ሥር አስወጡልኝ።»

መሪጌታ በሕይወታቸው ከትእዛዝ ወጥተው አያውቁም። የሰው ዕቃ ነክተው አያውቁም። እንደ ደንቡ ከሆነ ሰውየው አምኗል፣ ነገሩ አልቋል፤ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ደብዳቤው ይሄዳል፣ ይፈረማል፣ ይመለሳል። ሰኔም ይመጣል፤ ጸላሪም ይሞላል። መጋዘኑን ዞር ብለው አዩ፤ ግድግዳው ሥር ከተቀመጡት አሮጊቶች አንዷ ራሷን መደገፍ አቅቷት ጎረቤቷ ትከሻ ላይ ወድቃለች።

«ካሳ፣ ፍታው» አሉ።

«የኔታ፣ እውነትዎን ነው?»

«አራቱንም ፍታቸው። የእኛዋ ላይ እሰራቸው። መጠባበቂያውን ስኮርታም ጨምረህ ውሰድ።»

«ይኸ ዝርፊያ ነው!» ብሎ ጮኸ አቶ አስማረ።

«ነው። ይጻፉት። እኔም እፈርምበታለሁ» አሉ መሪጌታ።

ከሰዓት በኋላ አሮጌዋ መኪና ተነሣች። አዲሱ ላንድሮቨር በአራት ጥርብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረ። አቶ አስማረ የሚሄድበት ስለሌለው መጋዘኑ አጠገብ ያለችውን የጽሕፈት ክፍል ይዞ የክስ ማመልከቻ ሲጽፍ ሰነበተ። ሲጽፍ ይቀድዳል፣ እንደገና ይጽፋል። ምሳና እራቱ ከግራዝማች ቤት ይመጣለታል። መሪጌታ በፊቱ ያልፋሉ፤ እጅ ነሥተው ያልፋሉ።

ካሳ በአምስተኛው ቀን ጭኖ ገባ። አሥር ኩንታል። አውርዶ ውሃ ጠጥቶ በነጋታው ተመለሰ። ጸላሪ እስኪሞላ ድረስ እንዲህ አራት ጊዜ ደርሷል። በእነዚያ አርባ ኩንታል ክረምቱን ያለፈው ሰው ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ስንዴ በደረሰ ማግስት መሪጌታ መዝገቡን ዘርግተው ስም ጠሩ። ሰፋሪው በጣሳ ይሰፍራል። ለአንድ ነፍስ አንድ ጣሳ ነው። «ወለተ ሐና፤ ሦስት ነፍስ» ብለው ሲጠሩ መኖሯን አላወቁም ነበር። ከኋላ ተነሥታ መጣች። ታላቋን ልጅ በእጇ ይዛለች። ጀርባዋ ላይ ማዘያው ነበር፤ ማዘያው ባዶ ነው።

ሰፋሪው ሦስት ጣሳ ሰፍሮ በቀሚሷ ጫፍ ላይ ገለበጠላት።

«ሁለት ነን» አለች።

መሪጌታ ከመዝገቡ ቀና አሉ። «ታናሹስ?»

«ልደታ ባለፈች በሳምንቷ።»

«ለምን አልነገርሽንም፣ ልጄ? ፍትሐት…»

«ቀባሪ ጎረቤት አልታጣም፤ ቀበርነው። እዚህ ምን ልል ልምጣ? መኪናዋ ቆማለች ሲሉ እሰማ ነበር።»

«ሦስቱንም ውሰጂ» አሉ መሪጌታ። «ለእኅቱ ይሆናል።»

ወለተ ሐና ሰልፉን ዞር ብላ አየች። «አይ፣ መሪጌታ። ከኋላዬ ስንት ሰው አለ። ሁለት ብለው ይጻፉት» አለች። ጎንበስ ብላ ከቀሚሷ አንዱን ጣሳ ስንዴ መልሳ ሞላች፤ አንዲት ፍሬ መሬት ላይ ወድቃ ኖሮ አነሣቻትና ጨመረቻት። ከዚያ ልጇን ይዛ ሄደች።

መሪጌታ ሁለት ብለው ጻፉ። መዝገቡን ለሰፋሪው ሰጥተው እሷ የመለሰችውን ጣሳ ስንዴ አነሡ። ወደ ጽሕፈት ክፍሏ ገቡ። አቶ አስማረ ማመልከቻው ላይ አጎንብሶ ነበር። ጣሳውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጡት።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለ።

«የአንድ ልጅ ድርሻ ነው። የሚበላው የለም።»

አቶ አስማረ ጣሳውን አየ፤ መሪጌታን አየ። ወረቀቱን ከሥር ሊስብ እጁን ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። መሪጌታ በርጩማውን ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ወጥተው ሊሄዱለት አልፈለጉም።